ዓሣው እዚያ ማዶ ነው

ለአንዳንድ ሰው ጥሩ ነገር ሁሉ የሚገኘው እሱ በሌለበት ቦታ ነው። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ሰልፍ ላይ ከፊታችሁ ቆሞ ነበር። ድንገት ተስፈንጥሮ ጎረቤት ሰልፍ ውስጥ ገባ፤ የለቀቀው ሰልፍ ወዲያው እንደ ጎርፍ መሄድ ጀመረ፤ የገባበት ሰልፍ መስኮት ላይ ደግሞ «ምሳ ወጥተናል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ምግብ ቤት ውስጥ ሳህኑን ተሸክሞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞረው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ወንበር ሲቀያይር ከሟቹ በቀር የማያስነሳው ሰው የለም። ፀጉር አስተካካይ ቤት ግማሽ ራሱን ተላጭቶ፣ «ያኛው ወንበር ጋ የተሻለ ብርሃን አለ» ብሎ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው መሬት ላይ ቢወሰን ጉዳቱ ቀላል ነበር። የእኛው ግን ጀልባ ገዛ።

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ካለ እሷው ናት፤ ሐይቁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ማዶ ይለዋል። እኔ ለማዕረጉ ተጠንቅቄ ክቡር ማዶ እለዋለሁ። ሥራው በበጋ ከከተማ የሚመጣውን ሰው ጀልባው ላይ አሳፍሮ፣ ዓሣ ወዳለበት ወስዶ ማስጠመድ ነው። መውሰዱን ይወስዳል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ አንገቱ ማዶ ማዶ ሲያይ የረዘመ፣ ቁጭ ሲል እንኳ አንድ ጉልበቱ የሚሮጥ ሰው ነው። በአረንጓዴ ጀልባው አፍንጫ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ መልሕቅ ተጋድሟል። ገመዱ ከሱቅ እንደወጣ ነጭ ነው፤ ውሃ ነክቶት አያውቅም። በመልሕቁ ጥርሶች መካከል አንዲት ሸረሪት ድሯን አድርታ ትኖራለች። በዚያች ጀልባ ላይ ቋሚ አድራሻ ያላት እሷ ብቻ ናት።

ሥራውን አያውቅም እንዳትሉኝ። የውሃውን ቀለም አይቶ ጥልቀቱን ይነግራችኋል። ነፋሱ ከየት ሲነሳ ዓሣው ወዴት እንደሚጠጋ ያውቃል። ማለዳ ማለዳ ከፉርሽካ፣ ከደረቀ ዳቦና ለሚስቱም ከማይነግራት አንድ ነገር የሚያቦካው ሊጥ በሐይቁ ዙሪያ ወደር የለውም። አንድ ቦታ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋል፤ ሊጡን ጡጫ ጡጫ አድርጎ ያድበለብልና በጀልባው ዙሪያ ሰባት ጊዜ ይወረውራል። መንጠቆው ይወርዳል፣ ቡሹ ውሃው ላይ ይቀመጣል። እስከዚህ ድረስ ዓሣ የማጥመድ ጥበብ ከእሱ በላይ አስተማሪ የላትም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በሦስተኛው ደቂቃ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በአምስተኛው ኮፍያውን ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል። በሰባተኛው ይቆምና በመዳፉ ፀሐይዋን ከልሎ አድማሱን ይቃኛል። በስምንተኛው ያችን ቃል ይናገራል።

«ዓሣው እዚያ ማዶ ነው!»

ሞተሩ ያጓራል፤ እናንተም ክራችሁን ሳትጠቀልሉ ትሄዳላችሁ።

የዛሬ ሦስት በጋ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወጥቼ ነበር። አሥራ አንድ ቦታ ቆምን። አራተኛው ቦታ ላይ የአንደኛዋ ጓደኛዬ ቡሽ ስምጥ አለ፤ በዚያችው ቅጽበት ሞተሩ ተነሳ።

«ገባ! ገባ እኮ! ቁም!» ብላ ጮኸች።

«እሱ ሕፃን ነው» አላት ክቡር ማዶ፣ ፊቱን ወደፊት እንዳደረገ። «አባቱ እዚያ ማዶ ነው።»

እዚያ ማዶ ስንደርስ አባትየው የለም። «እናቱስ?» አለችው በሽሙጥ። እሱ ግን ጥያቄውን ከልቡ ወስዶ አድማሱን መቃኘት ጀመረ።

ከእኛ በኋላ ሁለት ሙሽሮች ወሰደ። ዓሣውስ ይቅር፣ ፎቶ እንዲነሱ ብቻ ለአንድ ደቂቃ እንዲቆምላቸው ለመኑት። «ጥሩው ብርሃን እዚያ ማዶ ነው» አላቸው። በአልበማቸው ውስጥ ሙሽራዋ በሁሉም ፎቶ ላይ ባርኔጣዋን በሁለት እጇ ይዛ ስትጮህ ነው የምትታየው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ደግሞ ከሥራ ስትመለስ አልጋዋን ጠይቃ ነው የምታገኘው፤ ዛሬ መስኮቱ ሥር፣ ነገ በሩ አጠገብ። እንዴት እንዳገባት ጠየቅኳት።

«ዕድል ነው» አለችኝ፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል። «በስምንት ደቂቃ ውስጥ እሺ አልኩት።»

እኔም ያን ቀን ከጀልባው ስወርድ ምያለሁ። ሐይቁ ቢደርቅና በእግር የሚሻገር ቢሆን እንኳ ከማዶ ጋር ዳግመኛ አልሄድም ብዬ። መሐላዬን ያፈረሰው አጎቴ ነው።

አጎቴ፣ ያሳደገኝ ሰው፣ የማዶ ተቃራኒ ሆኖ ነው የተፈጠረው። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቷል፤ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ወንበር። ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ የእሱን ቅርጽ ይዞ ስለነበር የተተካው ወጣት፣ «ሰው ላይ የተቀመጥኩ እየመሰለኝ ተሳቀቅኩ» ብሎ አስቀየረው። ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮቱ፣ በሁለት ሕንጻዎች መካከል፣ የአንድ መሐረብ ያህል ሐይቅ ይታያል። አጎቴ ያን መሐረብ ሲያይ ጡረታ ወጣ እንጂ አንድም ቀን ውሃው ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ባለፈው ሰሞን ምሳ እየበላን ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ረቡዕ ወገቤን ይከፍቱታል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ጀልባ የሚባል ነገር አይሞከርም ብሎኛል።»

«ጀልባ መቼ ወጥተህ ታውቃለህና ነው?»

«እሱን ነው የምልሽ። ቅዳሜ አለ።» ጣቱን አነሳ። «አንድ ዓሣ። በገዛ እጄ። ከዚያ ወዲያ እንደፈለጉ ይቁረጡኝ።»

ይህ ሰው በሕይወቴ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ጀልባ ማቆሚያው ላይ ደረስን። ጀልባ ሁሉ ተይዟል። ሁልጊዜ ዓሣ ይዞ የሚመለሰውን፣ ዝግ ብሎ የሚያወራውን ባለ ቢጫ ጀልባ ለመንኩት።

«ሞልቷል እህቴ» አለኝ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ማዶ ግን ባዶውን ነው። እባክሽ ከእሱ ጋር ውጪ። እሱ ካልወጣ እኛም አይቀናንም።»

ነገሩ ወዳጅነት መሰለኝ። ለባልደረባቸው እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች አሉ ብዬ ልቤ ተነካ።

«ጋሼ!» አለ ክቡር ማዶ አጎቴን ሲያይ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ። «እርስዎን የመሰለ ሰው ጀልባዬ ላይ! ዛሬ ዓሣው ስምዎን ጠርቶ ነው የሚወጣው!»

መንሳፈፊያ ጃኬቱን አልብሶ፣ ደግፎ፣ እንደ ዕንቁላል መሐል አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። አጎቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረና ልክ መዝገብ ቤት እንደሚቀመጠው ተቀመጠ። እኔ ማዶን ወደ ጎን ሳብኩት።

«ስማኝ ወንድሜ። አጎቴ ረቡዕ ቀዶ ጥገና አለበት። ከእንግዲህ ጀልባ ላይ አይወጣም። አንድ ዓሣ ብቻ ነው የምንፈልገው።»

«አንድ?» ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። «እህቴ፣ እዚያ ማዶ ያለው እኮ አንድ አይደለም።»

ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቀን የተነሳነው ሦስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ጊዜያችን የተወሰነ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ነፋስ ስለሚነሳ ሐይቁ ላይ ጀልባ አይቆይም። መጀመሪያ ሸምበቆው ጥግ ቆምን። ሰባት ሊጥ፣ ስምንት ደቂቃ። «ዓሣው እዚያ ማዶ ነው!» ከዚያ ድንጋዩ ሥር፤ ከዚያ የወንዙ መግቢያ። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ጀልባዋ ውሃውን እየመታች ትነጥራለች፤ አጎቴም «እሺ» ይላል። መጀመሪያ በፈገግታ ነበር። ሦስተኛው ላይ ፈገግታው ቀረ። አራተኛው ላይ አግዳሚውን በሁለት እጁ ጨብጦ ከንፈሩን ነክሷል፤ «እሺ»ዋ ግን አልቀረችም። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት አልፏል።

እኔ ከፊት ሆኜ ፊቴን ወደ አጎቴ ስላዞርኩ ከኋላችን ያለው ውሃ ሁሉ ይታየኛል። ያየሁትን መጀመሪያ አላመንኩም። ከሸምበቆው ጥግ በወጣን በአምስት ደቂቃ ቢጫው ጀልባ ቀስ ብሎ ገብቶ መልሕቁን ጣለ። ድንጋዩን ስንለቅ አንድ ሰማያዊ ጀልባ ተተካ። አሁን ደግሞ ቢጫው ወንዙ መግቢያ ላይ፣ ሊጣችን በወደቀበት፣ ቆሟል፤ አንድ ሰውም በሁለት እጁ የሚንፈራገጥ ነገር ከውሃው እያወጣ ነው። ዓሣ ሽታ ተከትሎ ከጥልቁ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ማዶ ይደግሳል፣ ይጠራል፤ እንግዶቹ በር ሲደርሱ እሱ የለም። ድግሱን ሌላው ይበላል።

«ማዶ፣ ወደኋላ ተመልከት!»

«ከኋላ ምን አለ? የመጣንበት ነው» አለ፣ አንገቱን ወደፊት እንዳሰገገ።

«ተመልከት አልኩህ!»

ጩኸቴ ሞተሩን አስጠፋው። ዞረ። በዚያ ሐይቅ ላይ ስንት በጋ ሲመላለስ አንዴም ወደኋላ አይቶ እንደማያውቅ የገባኝ ያኔ ነው፤ ፊቱ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

«ያ የወንዙ መግቢያ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«ሰውየው የያዘው አምባዛ ነው።»

«አዎ።»

«በእኔ ሊጥ?»

«በአንተ ሊጥ። ሦስቱም ቦታ ላይ።»

ይሳደባል ወይም ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። ሞተሩ አጠገብ ቁጭ አለ። የሚሮጠው ጉልበቱ ቆመ።

«ጠዋት ጠዋት ቤቴ ድረስ ይመጣሉ» አለ። «‹ማዶ፣ ዛሬ አትወጣም ወይ? ማዶ፣ አመመህ እንዴ?› ይሉኛል። ሚስቴን ‹ይወዱኛል እኮ› እላታለሁ።»

ምላሴን ቆርጬ ብጥለው በወደድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ «እሺ» ሲል የነበረው አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ ያ ቀዩ ነገር ምንድነው?»

«መልሕቅ ነው ጋሼ።»

«ይሠራል?»

ማዶ አሰበ። «ሳይሠራ አይቀርም።»

ቋጠሮው አልፈታ አለ። ከፋብሪካ እንደታሰረ ደርቋል። በጥፍሩ ሞከረ፣ በጥርሱ ሳበ። ሸረሪቷን በጣቱ ጫፍ አንስቶ መቅዘፊያው ላይ አሳረፋት። ከዚያ መልሕቁ ዱብ ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ነጩ ገመድ እየተተረተረ ተከተለው፤ ጀልባዋም አንዴ ተንገጫግጫ ረጋች። ሰባት ሊጥ ወረወረ። የአጎቴ ቡሽ ውሃው ላይ ተቀመጠ።

ሰው ተቀምጦ እንዲህ ሲሠቃይ አይቼ አላውቅም። ሦስተኛው ደቂቃ አለፈ። አምስተኛው ላይ ኮፍያውን አውልቆ በጥርሱ ያዘ። ስምንተኛው ላይ ላብ በግንባሩ ወረደ፤ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ሞተሩ ሄደ። አጎቴ ዓይኑን ከቡሹ ሳያነሳ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሳረፈለት።

«ጋሼ» አለ ማዶ በሹክሹክታ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቦታ እንዴት ይቀመጣል?»

«ማን ተቀመጠ?» አለ አጎቴ። «መስኮት ነበረኝ። እዚህ ነበርኩ።»

ስንት ዓመት ምሳ እቃውን ያሰርኩለት ሰው ነው። ማታ ሲመለስ «ሥራ እንዴት ዋለ?» እለው ነበር፤ «ጸጥ ያለ ነበር» ይለኛል። ውሃውን አስቦ እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

ቢጫው ጀልባ በዚህ መሐል ግራ ገብቶታል። ሰማያዊውም መጥቷል። እናታቸው እንደጠፋችባቸው ጥጆች ዙሪያችንን ይሽከረከራሉ።

«ማዶ! ሞተሩ ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ተጣራ ባለ ቢጫው።

«ደህና ነው!»

«ታዲያ አትሄድም?»

ማዶ ከተቀመጠበት ቀና አለ። «ተቀምጫለሁ!» ብሎ እንደ ሹመት አወጀው።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ምን አገባህ! የራስህን ሊጥ አቡካ!»

አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ቡሹ ስምጥ አለ። ብቅ አለ። ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ዘንጉ ጎበጠ፣ አጎቴ ጎበጠ፣ እኔ «ወገብህን! ወገብህን!» እያልኩ መጮህ ጀመርኩ። ማዶ ዘንጉን ሊያግዝ ተስፈነጠረ።

«እንዳትነካ!» አለው አጎቴ። በዚያ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ማዶ ተመልሶ ቁጭ አለና ሁለት እጁን ከሥሩ አድርጎ ተቀመጠባቸው። ዓሣው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ከጀልባዋ ሥር ገባ። አጎቴ አልቸኮለም። ፋይል ፍለጋ እንደሚወጣ ሰው፣ በርጋታ፣ አንድ ክንድ ጠቀለለ፣ ሌላ ክንድ ጠቀለለ። በመጨረሻ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የክንድ ያህል አምባዛ ደረቱ ላይ አቅፎ ያዘ። ጃኬቱም ሸሚዙም በልጋግ ተነከሩ።

«ጢም አለው» አለ፣ ወደኔ ቀና ብሎ። «አየሽ? ጢም አለው!»

ክቡር ማዶ ዓሣውን አላየም። ዓሣው የወጣበትን ውሃ ነበር የሚያየው።

«እዚህ ነበር» አለ። «ጋሼ፣ ዓሣው እዚህ ነበር እኮ!»

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ፤ አታስቡ። ነርሷ እንደነገረችኝ አጎቴ ገና ሁለት ቀን ሳይሞላው አልጋው ወደ መስኮቱ እንዲጠጋ ጠይቋል፤ ሲያስጠጉለት ደግሞ እዚያ ማዶ ያለው ክፍል መስኮት ሰፊ መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። ማዶም ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ አምስት ወንበር ቀያየረ፤ አጎቴ አጠገብ ግን ካንዱ ሳይነሳ አመሸ። ጉልበቱ ብቻ ይሮጥ ነበር። የቅዳሜውን ግን አልጨረስኩላችሁም።

ዓሣውን ባልዲ ውስጥ ከተትነው። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ነፋሱ ገና ነው። የመጣንበት ነገር ስለሞላ ወደ ቤት እንመለሳለን ብዬ ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ። አጎቴ እጁን በውሃው ተለቃለቀ፣ ሸሚዙ ላይ ጠረገ፤ ከዚያ ያ ሠላሳ አራት ዓመት ያልተነሳ ሰው መዳፉን ከግንባሩ በላይ ዘርግቶ ፀሐይዋን ከለለና ራቅ አድርጎ ተመለከተ። በወዲያኛው ዳርቻ አንድ ትልቅ ዛፍ ውሃው ላይ አጎንብሷል።

«ልጄ» አለ ማዶን፣ «እዚያ ማዶስ ይኖር ይሆን?»

ማዶ እጁን ሞተሩ ላይ አደረገ፤ ነገር ግን አላስነሳውም። ተቀምጦ እኔን አየኝ። በዚያ ሐይቅ ላይ ለመሄድ ፈቃድ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

መልሕቁን የሳብኩት እኔ ነኝ። ጭቃ ይዞ ወጣ።